ወንዙ መንገድ በቀየረ ጊዜ

«ሰው በማሻገር የሚኖር አንድ ሰው ነበረ» ብለው ጀመሩ ጋሼ ኤርሲዶ።

መጋቢ ኤልያብ ግን የጠየቃቸው ስለ ወንዝ አልነበረም። በብብቱ አንድ ጥናት ይዞ ነው የመጣው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ሦስት የአጥቢያው ልጆች አራት ወር ሙሉ ቤት ለቤት ዞረው ሰው ጠይቀው፣ ያገኙትን ጽፈው ለሽማግሌዎች አቅርበው ነበር። በቤተ ክርስቲያን ካደጉት ወጣቶች የሚበዙት እሑድ እንደማይመጡ፣ ሰዉ ወደ አዳዲሶቹ ሰፈሮች እንደፈለሰ፣ ብቸኝነት በየቤቱ እንደገባ ይናገራል። ሽማግሌዎቹም ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ የመንፈስ ቅዱስ ሥራ በመጠይቅ አይለካም፣ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይግባ አሉ። ግማሾቹ ዘመኑ የጠየቀውን እንስጥ፣ ስብከቱ አጭር ይሁን፣ ንስሓ የሚለው ቃልም ይለዝብ አሉ። ኤልያብ መሐል ቤት ቀረ። ስለዚህ አርባ ዓመት በወንጌላዊነት አገልግለው ጡረታ ወደወጡት ወደ ጋሼ ኤርሲዶ ሄደ። የእንሰት ጓሯቸውን አጥር ሲጠግኑ አገኛቸውና «ጋሼ፣ ይህን ጥናት ልጣለው ወይስ ልከተለው?» አላቸው። እርሳቸውም መጥረቢያቸውን አስቀመጡ፤ ከግንድ ላይ ተቀምጠው ይህን ነገሩት።

ሰውዬው ታንኳ ቀዛፊ ነበር፤ ወንዙም ሰፊ ነበር። በወዲህ ዳር ሜዳ አለ፤ በማዶ ደጋ አለ። ሜዳው ለም ነው፤ ሐኪሙም ወፍጮውም ያለው ግን ከማዶ ነው፤ ስለዚህ የሜዳ ሰው ሳይሻገር አይኖርም። ታንኳዋን ከአንድ ትልቅ ግንድ የጠረባት የቀዛፊው አባት ነው። አርባ ዓመት ከአንድ የሾላ ዛፍ ሥር እያሰራት ሰው አሻገረ፤ በእርሱ ዘመን አንድም ሰው አልሰጠመም። ሊሞት ሲል ልጁን ጠርቶ መቅዘፊያውን ሰጠውና «ሰው አደራ» አለው። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ልጁም አደራዬን ጠብቄያለሁ ብሎ ያምን ነበር። ጎህ ሲቀድ ከሾላው ሥር ይገኛል። ታንኳዋን ያጥባል፤ ስንጥቋን በሙጫ ይደፍናል፤ ገመዱን ይፈትሻል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰዉ ተሰልፎ ይጠብቀው ነበር። ቆይቶ ሰልፉ አጠረ። በመጨረሻ ከጠዋት እስከ ማታ ሦስት አሮጊቶችና አንድ ፍየል ነጂ ብቻ የሚያሻግርበት ጊዜ መጣ።

ቀዛፊው ይህን ሲያይ ሆዱ መረረ። የዘንድሮ ሰው ሰነፍ ነው፣ መሻገር ትቷል፣ የአባቶቹን መንገድ ረስቷል እያለ ለሚስቱ ያማርራል። ታንኳዋ ላይ ሲወጣ ደግሞ በእነዚያ በሦስቱ አሮጊቶች ላይ ይጮኻል። ስለማይመጡት ሰዎች የሚቆጣው በመጡት ላይ ነበር። አሮጊቶቹም አንገታቸውን ደፍተው ይሻገራሉ።

በዚያ ወንዝ ዳር አፈር እየቆፈረች ሸክላ የምትሠራ አንዲት ሴት ነበረች። በዚያ አገር ሸክላ ሠሪን ቤት አያስገቡም፤ ማሰሮዋን የሚገዟት በደጅ ነው። ታዲያ በደጅ የቆመ ሰው ብዙ ይሰማል። ማሰሮ ተሸክማ ሜዳውን ስትዞር ትጠይቃለች፤ ስንት ሆናችሁ፣ ማን ታመመ፣ ሐኪም ዘንድስ በየት በኩል ተሻገራችሁ ትላለች። የሰማችውንም አትረሳም።

አንድ ቀን ይህች ሴት ወደ ቀዛፊው መጥታ የምታውቀውን ነገረችው። ወንዙ ከሁለት ክረምት ወዲህ መንገዱን ቀይሯል አለችው። ከሾላው ፊት ደለል ተቆልሏል፤ ታንኳዋ ላይ ለመድረስ ሰው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ይገባል። ሰፈሩም ወደ ታች ወርዷል፤ በሾላው አጠገብ የቀሩት አሥራ አንድ ቤቶች ብቻ ሲሆኑ ወንዙ ውስጥ ካለው ትልቅ ቋጥኝ በታች መቶ ቤት ተሠርቷል። ሰዉ መሻገር አልተወም፤ ከዚያ ገመድ ዘርግቶ በእግሩ ይሻገራል። ውሃውም በዚህ ዓመት አራት ሰው ወስዷል።

ቀዛፊው ፊቱ ጠቆረ። «አባቴ ታንኳዋን ያሰራት እዚህ ነው» አላት።

«አባትህ እዚህ ያሰራት ሰው እዚህ ይመጣ ስለነበር ነው» አለችው።

ሸክላሽን ሥሪ ብሎ ጀርባውን ሰጣት። ስለ ታንኳ ሸክላ ሠሪ ምን አገባት? ነገር ግን አራት ሰው ያለችው ቃል በሆዱ ቀረ። ምግብ ሲቀርብለት ያስታውሰዋል፤ ገመድ ሲያጠብቅ ያስታውሰዋል። በአባቱ ዘመን ማንም አልሰጠመም። በእርሱም ዘመን ከታንኳዋ ወድቆ የሰጠመ የለም። ከታንኳዋ ውጪ የሰጠሙትስ በማን ይጠየቃሉ?

የሚስቱ ወንድምም ከቋጥኙ በታች አንድ ታንኳ ነበረው። ሥራው ደርቶለታል ሲባል ቀዛፊው ሰምቶ ጥበቡን ሊያይ ሄደ። አማቹ እንዲህ አጫወተው፦ ሰዉን ምን ትወዳላችሁ ብዬ ጠየቅሁ። ማዕበሉ አያናውጠን፣ ውሃ አይርጨን፣ ቅዘፉ አትበለን አሉኝ። እኔም እንዳሉት አደረግሁ። እውነትም ታንኳው ላይ የጥላ ዳስ ሠርቷል፤ ምንጣፍ አንጥፏል፤ ክራር የሚመታ ሰው አስቀምጧል። ቀዛፊው አብሮ ተሳፈረ። ታንኳው ውሃው እንደወሰደው ቀስ ብሎ ቁልቁል ወረደ። ሰዉ ሳቀ፤ አጨበጨበ። በመጨረሻ ሁሉም ወረዱ። የወረዱት ግን በተሳፈሩበት በዚያው ዳር፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው። አንድ ሰው የታመመች እናቱን አቅፎ «ማዶው የታለ?» ብሎ ጠየቀ። አማቹም ነገ ና፣ ነገ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ዘፈን አለን ብሎ መለሰለት።

ቀዛፊው ያን ሰውና እናቱን አይቶ፣ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው ብሎ አሰበ። የእኔ ታንኳ ማዶ ትደርሳለች፤ ሰው ግን የለባትም። የእርሱ ታንኳ ሰው ሞልቷታል፤ ማዶ ግን አትደርስም። እናትና ልጁን ራሱ እየደገፈ እስከ ሾላው አወጣቸውና ያንኑ ቀን አሻገራቸው።

በማግስቱ መቅዘፊያውን ትቶ ባዶ እጁን ወደ ገመዱ መሻገሪያ ወረደ። ሦስት ቀን እዚያ ተቀመጠ። የሚሻገረውን ሁሉ ለምን ወደ እኔ አትመጡም ብሎ ጠየቀ። በመጀመሪያው ቀን ሰዎቹ በይሉኝታ መንገዱ ራቀን አሉት። በሁለተኛው ቀን ጭቃው አስቸገረን አሉት። በሦስተኛው ቀን ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ፊቱ ቆመችና ሁሉም የሚያውቀውን፣ ማንም ግን ያልደፈረውን ተናገረች።

«አምና ልጄ ታሞብኝ ጭቃውን ጥሼ ሾላው ድረስ መጥቼ ነበር» አለችው። «ዘግይተሻል ብለህ ጮኽክብኝ። የት ከርመሽ ነው አልክ። አንተ ስትቆጣ ልጁ እያቃሰተ ነበር። ከዚያ ወዲህ እኛ ከውሃው ይልቅ አንተን ፈራን።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ቀዛፊው ስለ ራሱ የሚወራውን ሲሰማ ያ የመጀመሪያው ነበር። ያን ቀን እንዳልተቆጣ፣ ያን ቃል እንዳልተናገረ ሊምል አይችልም፤ ትዝም አላለውም፤ በየቀኑ ስለሚቆጣ የትኛው ቀን እንደሆነ አይለየውም። በዚህም አፈረ። በመጨረሻ መጠየቅ የቻለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ልጁ ዳነ?»

«ዳነ። ይኸው ጀርባዬ ላይ ነው።»

ተነሥቶ የሴቲቱን እግር ለመሳም ጎንበስ አለ፤ እርሷም አንሥታ ከለከለችው። ስሟን ጠየቃት። የልጁንም ስም ጠየቃት።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ጎጆ ሄደና ያሳፈርሁሽን ይቅር በይኝ አላት። ታንኳዋን ወደ ታች ሊያወርዳት እንደቆረጠም ነገራት። ችግሩ ቋጥኙ ነው፤ በውሃ ቢያወርዳት ድንጋዩ ይሰነጥቃታል፤ በምድር እንዳይወስዳት ስድሳ ሰው ካልተሸከማት አትነቃነቅም። ያን ሁሉ ሰው ከየት ያመጣል? ሴትዮዋ መልሱን ታውቅ ነበር። ሂድና ለምናቸው አለችው።

መለመን ለእርሱ ከመሸከም ይከብደው ነበር። ቢሆንም ሴትዮዋ እየመራችው ቤት ለቤት ዞረ። በየደጁ ቆሞ በድያችኋለሁ፣ ታንኳዬን ወደ እናንተ ላምጣት፣ ሸክሙን አግዙኝ አለ። አንዳንዱ እሺ አለው፤ አንዳንዱ ዝም አለው፤ አንዳንዱ በሩን ዘጋበት። የሚመጡት ስንት እንደሆኑ ሳያውቅ ቀኑ ደረሰ።

ጠዋት ከሾላው ሥር ሲደርስ ያገኘው እነዚያን ሦስቱን አሮጊቶች ብቻ ነው። እያለቀሱ ነበር። ከሁሉ የምትበልጠው እኛስ፣ እኛ እስከ ዛሬ ያልተውንህ፣ ከዚህ ስትሄድ ማን ያሻግረናል ብላ ጠየቀችው። ቀዛፊው ይህን አስቦበት ነበር። በየጠዋቱ ከሁሉ በፊት በቅሎ ይዤ ወደ እናንተ እመጣለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ተሻጋሪዎች እናንተ ናችሁ አላቸው። እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜም ይህን ቃሉን አላጠፈም።

ፀሐይ ከፍ ሲል በሜዳው መንገድ ላይ አቧራ ታየ። መጀመሪያ የልጁ እናት ከባሏና ከወንድሞቿ ጋር መጣች። ቀጥሎ እናቱን ያሻገረለት ሰው ከነጎረቤቶቹ ደረሰ። ከዚያማ ማን ይቁጠራቸው? ሸምበቆ የያዘ፣ ገመድ የታጠቀ፣ ወገቡን በነጠላ ያሰረ ሁሉ ከታችኛው ሰፈር ወጣ። በሩን የዘጋበት ሰው ሳይቀር መጣ።

አንድ አናጢ ታንኳዋን ዞሮ አያትና ከጎንና ከጎኗ ብንጠርባት ትቀለን ነበር አለ። ሌሎችም ደገፉት። ቀዛፊው ግን በዚህ አልተበገረም። «ታንኳዋ አትጠረብም» አለ። «እርሷ ከምታንስ እኛ እንብዛ።»

በዙም። ሸክሙን ተጋሩት። አንዱ ግጥሙን ሲያወርድ ሌሎቹ እየተቀበሉት ያቺን የአባቱን ታንኳ ከጭቃው ነቀሏትና ወደ ትከሻቸው አወጧት። ያ ሁሉ ዓመት ከውስጧ በቀር አይቷት የማያውቀው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከበታች ሆኖ አያት። ቀዛፊውም ከፊት ገብቶ ተሸከመ። ቋጥኙን አለፉ፤ ገደሉን ወረዱ፤ ሴቶቹ ውሃ እያጠጡ ከጎን ከጎን ሄዱ። ቀትር ሳይሞላ ታንኳዋ ከመቶው ቤት ፊት ለፊት ውሃ ነካች። ሰዉም እልል አለ።

በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ ሲጋመስ፣ የማንም አባት ያላየው ሙላት መጣ። ጠዋት ላይ ከላይ እንደ ነጎድጓድ የሚጮህ ደራሽ ወረደና ሜዳውን ያዘ። ውሃው በየደጁ ገባ። ገመዱ ተበጠሰ። የአማቹን ታንኳ ከነዳሱና ከነምንጣፉ አንሥቶ ወሰደው፤ ሰው አልነበረበትም፤ አማቹ ራሱ የዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ ተረፈ።

ቀዛፊው ግን ያን ዕለት በቦታው ነበረ። አሮጊቶቹን በበቅሎ አምጥቶ፣ የሾላውን ሰፈር ሰዎች ሁሉ አስከትሎ መጀመሪያ አሻገራቸው። ከዚያ የመቶውን ቤት ሰው ተራ በተራ ጫነ። ውሃው ቁልቁል ሲገፋው የታንኳዋን አፍንጫ ሽቅብ ይዞ በሰያፍ ይቀዝፋል፤ እንደዚያ ሲይዛት ነው ማዶ የምትደርሰው። ሲመላለስ አማቹን ከቅርንጫፉ ላይ አወረደው። አማቹም ሁለተኛውን መቅዘፊያ አነሣና ከኋላ ተቀመጠ። ክንዱ ጠንካራ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ሥራ አጥቶ ነው እንጂ።

ሸክላ ሠሪዋ ከዳር ቆማ የየቤቱን ሰው በስም ትጠራለች። አባት አለ፣ እናት አለች፣ አምስቱ ልጆች አሉ፣ ሂዱ ትላለች። ወደ ማምሻው ሁሉም ያለቀ ሲመስል እጇን አነሣች። «የሸማኔው ቤት አልተሻገረም» አለች። ሸማኔው እግሩ የማይሄድለት፣ ብቻውን የሚኖር፣ ከሰው የማይቀላቀል ሰው ነበር። ማንም ልብ አላለውም። በዚያ ግርግር መጥፋቱን ማወቅ የምትችል እርሷ ብቻ ነበረች፤ ደጁ ቆማ ስለምታውቅ።

ቀዛፊው እጁ ደምቶ ነበር። ታንኳዋን ወደ ማዶ ሳይሆን ወደ ሜዳው፣ በቤቶቹ መካከል ቀዘፋት። ሸማኔውን ከሸማ ዕቃው ላይ ወጥቶ፣ ውሃው ደረቱ ደርሶ፣ ድምፅ ሳያሰማ ተቀምጦ አገኙት። ለምን አልተጣራህም ቢሉት የሚሰማኝ ያለ አልመሰለኝም አለ። አዝለው አወጡት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መቶ አሥራ አንድ ቤት ሰው ከማዶ ቆመ። አንድ ሰው አልጎደለም። ቀዛፊው መቅዘፊያውን አጋድሞ አፈሩ ላይ ተንበረከከና እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ደስታው ስላልቻለው። እናቶች እልልታቸውን አቀለጡት፤ የደጋው ሰው ሰምቶ እየሮጠ ወረደ፤ ቤቱን ከፍቶ ሁሉንም ተቀበለ። ሸክላ ሠሪዋ እንደ ልማዷ ከአንድ ባለጸጋ ደጅ ቆማ ቀረች። ባለጸጋውም ሚስቱን ላከ፤ ሚስቱም እጇን ይዛ አስገባቻትና ከሰዉ ሁሉ በላይ አስቀመጠቻት።

ጋሼ ኤርሲዶ ይህን ጨርሰው ወደ ኤልያብ ዞሩ።

«ልጄ፣ ታንኳዋ ወንጌል ናት፤ ወንዙም ዘመኑ ነው። ዘመን መንገድ ይቀይራል፤ ሰው ግን መሻገር አላቆመም፤ ማንም እንዲያ ብሎ አያስፈራራህ። ሌላ መሻገሪያ እየፈለገ እየሰጠመ ነው እንጂ። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ እንክተተው የሚሉህ ሽማግሌዎች ሾላውን ከአደራው ጋር አምታተውታል። ንስሓ ይለዝብ የሚሉህ ደግሞ ሰውን በክራር አጅበው በተሳፈረበት ዳር ሊያወርዱት ነው። አንተ ግን እንደዚያ ሰው ሁን። የውሃውን አካሄድ እወቅ፤ የምታውቀው ግን ልትወሰድበት አይደለም፤ አፍንጫዋን ሽቅብ ይዘህ ልትሻገርበት ነው። ጥናቱ ሰዉ የት እንዳለ ይነግርሃል፤ ማን እንደጎደለም ይነግርሃል። ወዴት እንደምታደርሰው ግን የሚነግርህ ሌላ ነው፤ እርሱን አስቀድመህ ታውቃለህ። እነዚያን ሦስት ልጆች በደጅ አታቁማቸው፤ አስገባቸው፤ አጠገብህ አስቀምጣቸው። ከዚያ አንተ ራስህ ወደ ቀሩት ወጣቶች ወርደህ ሦስት ቀን ተቀመጥና ለምን እንደማይመጡ ጠይቃቸው። የሚነግሩህ ነገር ያምሃል፤ ተቀበለው። ታንኳዋን አትጥረባት። ከበደችህም ብለህ አትፍራ፤ በሩን የዘጋብህ ሰው ሳይቀር ሊሸከምልህ ይመጣል። ጌታ ከሰጠን ሰዎች አንድም ሳይጎድል ማዶ የምንቆምበት ቀን አለ። ተነሥ፤ ሂድና ለምናቸው።»